የዕጢው ነው ወይስ የጥጃው? የአንጎል ዕጢ ሴሎችን ኢንዛይም ስለካ የያዝኩት የ11 ሳምንት ማስታወሻ

ሳምንት 1

ሥራው ይሄ ነው። ከሰው የአንጎል ዕጢ ተወስደው ላብራቶሪ ውስጥ የሚያድጉ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉኝ፤ ዩ-87 እና ዩ-251። ሁለቱም ግሊዮብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ዕጢ ሴሎች ናቸው። ወደ ውጭ የሚለቋቸውን ሁለት ኢንዛይሞች መለካት እፈልጋለሁ፤ ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9። እነዚህ ኢንዛይሞች በሴሎች ዙሪያ ያለውን ፕሮቲን ይቆርጣሉ። ዕጢው ወደ ጤነኛው አንጎል ሲገባ መንገድ ከሚጠርጉለት ነገሮች መካከል ናቸው።

ለማስተርስ ጥናቴ ይህን የመረጥኩት በአጎቴ ምክንያት ነው። የእናቴ ወንድም በዚህ በሽታ ነው ያረፈው። ሐኪሞቹ የሚታየውን ሁሉ አውጥተውለት ነበር። ከወራት በኋላ ከዚያው ከተቀደደው ቦታ ጠርዝ ተነስቶ መጣ። በ1928 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዋልተር ዳንዲ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ግሊዮማ (ግሊዮብላስቶማ የሚመደብበት የዕጢ ዓይነት) የያዛቸውን ሰዎች የአንጎል ቀኝ ግማሽ እስከማውጣት ደርሶ ነበር። እንዲያም ሆኖ በሽታው ተመለሰ። ሴሎቹ ቀድመው ሄደዋል ማለት ነው። እንዴት ነው የሚሄዱት? እኔ የያዝኩት የዚህን ጥያቄ አንዲት ትንሽ ጫፍ ነው።

ዘዴው ጄላቲን ዛይሞግራፊ ይባላል። ከ1980 ጀምሮ ያለ ነው። ጄላቲን ማለት የበግ እግር ሾርባ ሲቀዘቅዝ የሚያረጋው ነገር ነው። እሱን ከአክሪላማይድ ጄል ጋር ቀላቅዬ አፈሳለሁ። ሴሎቹ የኖሩበትን ፈሳሽ በጄሉ ላይ በኤሌክትሪክ አስኬዳለሁ። ኢንዛይሞቹ በክብደታቸው ይለያያሉ። ከዚያ ጄሉን 37 ዲግሪ ላይ አሳድረዋለሁ። ኢንዛይሙ ያለበት ቦታ ላይ ጄላቲኑ ይበላል። በሰማያዊ ቀለም ሲነከር ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል፣ የተበላው ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይቀራል።

የመጀመሪያው ጄል ገና ሳይፈስ ተበላሸ። ጄላቲኑን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በተንኩትና ተጓጎለ። 55 ዲግሪ ላይ አሞቅኩት፣ ሟሟ። ችኮላዬ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሳይቀዘቅዝ ኤፒኤስና ቴሜድ ጨመርኩበት። እነዚህ ጄሉን የሚያረጉ ኬሚካሎች ናቸው፣ ሙቀት ደግሞ ያፈጥናቸዋል። መስታወቱ መሃል ሳይደርስ ፒፔቱ ውስጥ ረጋ። ቀጣዩን እጄ ላይ ሙቀት እስከማይሰማኝ ድረስ አቀዘቀዝኩት። ሠራ። መጠኑ 8 በመቶ አክሪላማይድ፣ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ጄላቲን። ያልረጋ አክሪላማይድ ነርቭ ይጎዳል፤ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት።

ሳምንት 2

ጄሉ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። አንድም ነጭ መስመር የለበትም።

ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ቴክኒሻናችን መጡ። ላብ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ የሠሩ ናቸው። እዚህ ስዊድን ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራው፣ እኔም በስማቸው እጠራቸዋለሁ። በአማርኛ ሳስባቸው ግን «እርሳቸው» እንጂ ሌላ አይመጣልኝም። ጄሉን አላዩትም። በቀጥታ «ሳምፕሉን እንዴት አዘጋጀሽው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ዌስተርን ብሎት ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፣ እጄ የለመደው እሱን ነው። ሳምፕሉ ላይ መርካፕቶኢታኖል ጨምሬ 95 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ አፍልቼዋለሁ። ዌስተርን ላይ ትክክል ነው፤ እዚያ ፕሮቲኑ መኖሩን ብቻ ነው የምንፈልገው። እዚህ ግን ፕሮቲኑ ሥራ እንዲሠራ ነው የምንፈልገው። መርካፕቶኢታኖሉ ኢንዛይሙን ቀጥ አድርገው የያዙትን የሰልፈር ማሰሪያዎች ይፈታል፣ ሙቀቱ የቀረውን ይጨርሳል። ገድዬ ነው ያስኬድኩት።

ስለዚህ የዛይሞግራፊ ሳምፕል አይፈላም፣ መርካፕቶኢታኖልም መሰሉ ዲቲቲም አይገባበትም። ኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚዘረጋ ሳሙና መሰል ኬሚካል)፣ ግሊሴሮልና ሰማያዊ ምልክት ብቻ። ከተቻለ 4 ዲግሪ ክፍል ውስጥ አስኪዱት። ጄላቲን ስላለበት ከተለመደው ጄል ይዘገያል። የእኔ በ120 ቮልት ከ2 ሰዓት በላይ ፈጀ።

ሳምንት 3

ይሄን ሳምንት አልረሳውም።

ማክሰኞ ጠዋት ጄሉን ከቀለሙ አውጥቼ ማጠቢያው ውስጥ ከተትኩት። የማጠቢያው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጄሉ ይገረጣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መስመሮቹ ብቅ አሉ። 72 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ወፍራም ነጭ መስመር። ከፍ ብሎ 92 አካባቢ ሌላ። በሰማያዊ ነጠላ ላይ የተሠራ ነጭ ጥለት ይመስላል። ኤምኤምፒ-2 የሚጠበቀው በትክክል 72 ላይ ነው፣ ኤምኤምፒ-9 ደግሞ 92 ላይ። በደስታ ፎቶ አንስቼ ለአማካሪዬ ላክሁ።

መልሳቸው አንድ መስመር ነበር፦ «ሴል የሌለበት ሚዲየም የት አለ?»

አልነበረም። ሴሎቹ የሚኖሩት 10 በመቶ የጥጃ ሴረም ባለበት ሚዲየም ነው። ሴረም ማለት ገና ካልተወለደ ጥጃ ደም የሚገኝ ፈሳሽ ነው፣ ለሴሎቹ ምግብና ማደጊያ። ሐሙስ ምንም ሴል ያልነካውን ሚዲየም ከጠርሙሱ ቀድቼ ከሴሎቹ ፈሳሽ ጎን አስኬድኩት።

ዓርብ ከሰዓት ጄሉ ላይ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። ሴል የሌለበት ሚዲየም ላይም 72 ላይ ነጭ መስመር አለ። 92 ላይም አለ። ውፍረቱ ከዩ-87 ጋር እኩል ነው። ያ ሁሉ ያመሰገንኩት ኢንዛይም የጥጃው ነበር። የጥጃ ደም የራሱ ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 አለው፣ ክብደታቸውም ከሰው ጋር በጣም ስለሚቀራረብ በዓይን አይለይም።

ልቤ ዝቅ አለ። ግን ደግሞ ይሄ ጥያቄ ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኔ አልተለየም፦ ያየሁት ነገር የሴሉ የራሱ ነው ወይ? ማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

የሳምንቱ ወጪ፦ ግማሽ ሊትር ሴረም ከ5,000 ክሮና በላይ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የለካሁት እሱን ነው።

ሳምንት 4

አዲሱ አካሄድ፦ ሴሎቹ በሴረም ያድጋሉ። 70 በመቶ ያህል ፍላስኩን ሲሞሉት ሚዲየሙን አወጣለሁ። ፒቢኤስ በሚባል ፎስፌት ባለበት የጨው ውሃ ሦስት ጊዜ አጥባለሁ። ከዚያ ሴረም የሌለበት 10 ሚሊሊትር ሚዲየም እሰጣቸዋለሁ። ከ24 ሰዓት በኋላ ፈሳሹን እሰበስባለሁ።

ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ ዩ-87 በቀላሉ ይነቀላል። ፒቢኤሱን በሴሎቹ ላይ በቀጥታ ስለቀው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተነሳ። አሁን ፍላስኩን አቁሜ በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ነው የማፈሰው። ሁለተኛ፣ 48 ሰዓት ያለ ሴረም ብዙ ነው። ሴሎች ሲሞቱ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይለቃሉ፤ ያኔ የሚለካው ሕያው ሴል አውቆ ያወጣው አይደለም። በትራይፓን ሰማያዊ ቆጠርኩ። የሞተ ሴል ቀለሙን ይጠጣል፣ ሕያው አይጠጣም። በ24 ሰዓት ሰማያዊዎቹ ጥቂት ነበሩ፣ በ48 ግን በግልጽ በዝተዋል። 24 ላይ ቆረጥኩ።

ሴረም ከሌለ ኢንዛይሙ በጣም ቀጭን ይሆናል። ስለዚህ ፈሳሹን 10 ኪሎዳልተን ማጣሪያ ባለው ቱቦ ሴንትሪፉጅ አድርጌ 10 ሚሊሊትሩን ወደ 250 ማይክሮሊትር አወረድኩት። ቱቦው ለአንዱ ወደ 100 ክሮና ይጠጋል። ታጥቦ ድጋሚ ይሠራል የሚሉ አሉ። እኔ አላደረግኩትም፤ ከዚህ በፊት የነበረው ኢንዛይም ማጣሪያው ላይ ሊቀር ይችላል።

አንድ ስህተት ልጨምር። ጄሉን የማሳድርበት ትሪስ ባፈር (ፒኤችን የሚያረጋጋ ፈሳሽ) አልቆብኝ በፒቢኤስ ውስጥ ካልሲየም ክሎራይድ ጨመርኩ። ወዲያው ወተት መሰለ። ፎስፌትና ካልሲየም ተገናኝተው ጠጣር ሠሩ። ኢንዛይሙ ካልሲየም ይፈልጋል፣ ካልሲየሙ ግን ታች ዘቅጧል። ደፋሁት። የማሳደሪያው ፈሳሽ እንዲህ ነው፦ 50 ሚሊሞላር ትሪስ፣ ፒኤች 7.5፣ 10 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ 1 ማይክሮሞላር ዚንክ ክሎራይድ። ከዚያ በፊት ግን ጄሉ በ2.5 በመቶ ትራይተን (ለስላሳ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ለግማሽ ሰዓት ይታጠባል። ትራይተን ኤስዲኤሱን ያወጣል፣ ኢንዛይሙ ተመልሶ ይታጠፋል። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው ምንም አያይም።

ቅዳሜ ጄሉ ወጣ። ሴል የሌለበት ሚዲየም የሄደበት ቦታ ንጹሕ ሰማያዊ። ዩ-87 72 ላይ ነጭ፣ ዩ-251ም 72 ላይ ነጭ። ከሳምንት 3ቱ ቀጠን ያሉ ናቸው። የእነሱ ግን ናቸው። ብቻዬን ነበርኩ፣ ጮክ ብዬ «ተመስገን!» አልኩ።

ሳምንት 5

ደስታው ብዙ አልቆየም። የዩ-251 ፍላስክ ላይ ሴሎቹ እድገታቸው ቀዘቀዘ። ሚዲየሙ ግን አልደፈረሰም፣ በማይክሮስኮፕም ምንም ባክቴሪያ አይታይም። ቴክኒሻናችን «ማይኮፕላዝማ መርምሪ» አሉኝ። በፒሲአር መረመርኩ። ፖዘቲቭ።

ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የሌለው በጣም ትንሽ ባክቴሪያ ነው። ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም። ትንሽ ስለሆነ በ0.2 ማይክሮሜትር ማጣሪያ እንኳ ሊያልፍ ይችላል። ሚዲየሙን አያደፈርስም። ከሴሉ ጋር ተጣብቆ ምግቡን ይካፈላል፣ የራሱንም ኢንዛይም ይለቃል። ተመልሰን እዚያው ጥያቄ ላይ ገባን።

የነበረኝን ዩ-251 በሙሉ በብሊች ገድዬ ጣልኩት። ኢንኩቤተሩን፣ ሁዱን (አየሩ የሚጣራበትን የሥራ ሳጥን)፣ የውሃ ሳህኑን አጸዳሁ። የቅዳሜዋ ጄል ላይ ያለውን የዩ-251 መስመርም ከውጤቴ ሰረዝኩት። ከፈሳሽ ናይትሮጅን አዲስ ቱቦ አወጣሁ። ቱቦው 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ በረዶ ሲቀር ይወጣል፤ ሲቀዘቅዙ የሚጠብቃቸው ዲኤምኤስኦ የሚባለው ፈሳሽ አሁን ሴሎቹን እንዳይጎዳ ቶሎ በሚዲየም ይቀጠናል።

አዲስ ከጀመርኩ አይቀር ሴሎቹ እውነት የሚባሉት መሆናቸውን ማረጋገጥ ፈለግኩ። ለሁለቱም የዲኤንኤ መለያ ምርመራ ላክሁ። ወደ 4,000 ክሮና ሄደ። አማካሪዬ ሳይከራከሩ ፈረሙ፣ ምክንያቱም የዩ-87ን ታሪክ ያውቁታል።

ታሪኩን ልንገራችሁ። ዩ-87 የተጀመረው እዚሁ ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ፣ በ1966 ነው። ከዚያ በሴል ባንክ በኩል በዓለም ተሰራጨ። ስፍር ቁጥር የሌለው ጥናት ተሠራበት። በ2016 የኡፕሳላ ተመራማሪዎች ተጠብቆ የቆየውን የመጀመሪያውን የዕጢ ናሙና ከሚሸጠው ሴል ጋር በዲኤንኤ አስተያዩ። አልተመሳሰሉም። በዓለም ላብራቶሪዎች ያለው ዩ-87 ከዚያች ታማሚ የመጣ አይደለም። የአንጎል ዕጢ ሴል መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አለ፣ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ዩ-251ም ጎረቤት ታሪክ አለው፤ ለዓመታት ዩ-373 በሚል ስም ሲሸጥ የነበረ ሴል ተመርምሮ ዩ-251 ሆኖ ተገኝቷል።

የሰው ልጅ ነው ያ ሴል። አንድ ሰው ታሞ፣ ራሱ ተከፍቶ የተወሰደ። ስሙ ጠፍቶ ሴሉ ከ50 ዓመት በላይ ይኖራል። ፍላስኩን ባነሳሁ ቁጥር ይሄ ይሰማኛል።

እሁድ እማዬ ከደሴ ደወለች። ምን እንደምሠራ ነገርኳት። «ከታመመ ሰው የወጣ ነው? አይይዝሽም ልጄ?» አለችኝ። እንደማይተላለፍ አስረዳኋት። ዝም አለች። ከዚያ «የወንድሜም እንዲህ ተቀምጦ ይሆን?» አለች። አልተቀመጠም አልኳት። «ቢቀመጥ ጥሩ ነበር» ብላ ስለ ዝናቡ ጀመረች።

ሳምንት 6

ጥበቃ ነው። ሴሎቹ ከቀለጡ በኋላ ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ ፍላስክ መተላለፍ አለባቸው። የማይኮፕላዝማ ምርመራ ደገምኩ፣ ነጌቲቭ። የዲኤንኤ ውጤቱም መጣ። ሁለቱም በዳታቤዝ ላይ በየስማቸው ከተመዘገበው ጋር ይገጥማሉ።

ሳምንት 7

አሁን ሁለቱን ማወዳደር። ዩ-87 ይበልጣል ወይስ ዩ-251? ከሁለቱም እኩል 15 ማይክሮሊትር ጫንኩ። ዩ-251 በጣም በለጠ። ግን የፍላስኮቹን ሴል ስቆጥር ዩ-251 በእጥፍ የሚጠጋ ሴል ነበረው። ብዙ አፍ ብዙ ምራቅ ያወጣል፣ ያ ማለት እያንዳንዱ አፍ ብዙ ያወጣል ማለት አይደለም።

ዌስተርን ላይ እኩል መጫናችንን የምናይበት አክቲን የሚባል ፕሮቲን አለ። የሴል ውጭ ፈሳሽ ላይ ግን እሱ የለም፣ ካለም ሴል ሞቷል። ስለዚህ ፈሳሹን በሰበሰብኩ ቁጥር ሴሎቹን በትሪፕሲን ነቅዬ ቆጥሬ፣ ከ100,000 ሴል የወጣ ፈሳሽ ስንት ማይክሮሊትር እንደሆነ አስልቼ እጭናለሁ። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ በጣም ጠበበ።

ሌላው የመስመሩ ውፍረት ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ጄላቲኑ ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሙ እጥፍ ቢሆንም መስመሩ ያው ነው። አንዱን ሳምፕል 1፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ አድርጌ ጫንኩ። 1 እና ግማሽ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከግማሽ በታች ነው ልዩነቱ የሚነበበው። አሁን የምሠራው ከሩብ በታች ነው። ማሳደሪያውንም ሁልጊዜ 18 ሰዓት አደርጋለሁ፣ አንዴ 16 አንዴ 20 አይደለም። ፎቶውን በኢሜጅጄ ነው የምለካው፣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። በየጄሉ ላይ አንድ የማይለወጥ ሳምፕል አስገባለሁ። ይሄ ኤችቲ-1080 ከሚባል የሰው ሳርኮማ ሴል የተሰበሰበ ፈሳሽ ነው፣ ሁለቱንም ኢንዛይም ይለቃል። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጫለሁ። ቀልጦ የተመለሰ ቱቦ አልጠቀምም።

ሳምንት 8

እስካሁን 92 ላይ፣ ማለትም ኤምኤምፒ-9፣ ከዩ-251 ስስ ጥላ ነገር ብቻ ነው ያየሁት። ከዩ-87 ምንም ማለት ይቻላል። ሴሎቹን በፒኤምኤ ቀሰቀስኳቸው። ፒኤምኤ ክሮተን ቲግሊየም ከሚባል ተክል ዘይት የተገኘ ነገር ነው። የእኛ ብሳና የዚህ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው፣ የወል ስማቸው አንድ ክሮተን ነው። ይህን ሳነብ የአያቴ ግቢ ጥግ ላይ ያለው ብሳና ትዝ አለኝ። ፒኤምኤ ራሱ ዕጢ የሚያባብስ ኬሚካል ስለሆነ ድርብ ጓንት አድርጌ፣ ሁድ ውስጥ ብቻ ነው የነካሁት።

መጠኑ 100 ናኖሞላር፣ ለ24 ሰዓት። ፒኤምኤ የሚሟሟው በዲኤምኤስኦ ስለሆነ ሌላው ፍላስክ ዲኤምኤስኦ ብቻ አገኘ። ይሄ ባይኖር ለውጡ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ጄሉ ወጣ። ዲኤምኤስኦ ያገኙት እንደበፊቱ። ፒኤምኤ ያገኙት 92 ላይ ጥርት ያለ መስመር አላቸው፣ ሁለቱም ሴል ላይ። 72 ብዙም አልተለወጠም። ሦስት ጊዜ ደገምኩ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው።

እነዚህ መስመሮች እውነት ያለ ካልሲየምና ዚንክ የማይሠራ ኢንዛይም መሆናቸውን ለማየት አንዱን ጄል መሃል ለመሃል ቆረጥኩት። ግማሹን በተለመደው ፈሳሽ፣ ግማሹን 20 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ በገባበት፣ ካልሲየምና ዚንክ በሌለው ፈሳሽ አሳደርኩ። ኢዲቲኤ ካልሲየምና ዚንኩን ይይዛል። በዚህኛው ግማሽ ላይ ምንም መስመር የለም። ሰማያዊ ብቻ። ባዶ ጄል እንዲህ ደስ ሲል አይቼ አላውቅም።

ሳምንት 9

ለቡድኑ አቀረብኩ። ርዕሴ «የኤምኤምፒ-2 እንቅስቃሴ በግሊዮብላስቶማ ሴሎች» የሚል ነበር። አማካሪዬ ጨርሼ እስክቀመጥ ጠበቁ። ከዚያ «72 የትኛው መልኩ ነው?» አሉ።

መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን ትርጉሙን አላሰብኩትም ነበር። ኤምኤምፒ-2 ከሴል ሲወጣ እንደተቆለፈ ነው የሚወጣው። ጫፉ ላይ ያለ አንድ ሲስቴይን ዚንኩን ይዞ አፉን ዘግቶታል። ይህ ማብራሪያ በ1990 ነው የቀረበው። ሲነቃ ያ ጫፍ ይቆረጣል፣ ክብደቱም ከ72 ወደ 62 ገደማ ይወርዳል። እኔ ያየሁት 72 ነው። የተቆለፈው!

ታዲያ ከተቆለፈ ጄላቲኑን እንዴት በላ? ኤስዲኤሱ ነው። ፕሮቲኑን ሲዘረጋው ሲስቴይኑ ከዚንኩ ይላቀቃል። ትራይተን ሲያጥበው ኢንዛይሙ ተመልሶ ይታጠፋል፣ አፉ ግን ክፍት ሆኖ። ቁልፉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ቲምፕ የሚባሉ፣ ኢንዛይሙን ይዘው የሚያስቆሙ ፕሮቲኖች አሉ። ኤስዲኤስ እነሱንም ያላቅቃል። ስለዚህ ጄሉ የሚነግረኝ ሴሉ ምን ያህል ኢንዛይም እንዳወጣ እንጂ ኢንዛይሙ በፍላስኩ ውስጥ እየሠራ እንደነበር አይደለም።

ቤት ስገባ የስላይዱን ርዕስ አስተካከልኩ። «እንቅስቃሴ» የሚለውን አውጥቼ «መጠን» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። ግን የሕክምና ምርምሩም በዚህ አካባቢ ነው የተጎዳው። በ1990ዎቹ ኤምኤምፒን በጅምላ የሚያግዱ መድኃኒቶች ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር። ማሪማስታት ከእነሱ አንዱ ነው፣ በግሊዮብላስቶማም ተሞክሯል። ታማሚዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም አመጣ፣ የተጠበቀውን ዕድሜም አልጨመረም። የትኛው ኢንዛይም፣ የት፣ መቼ እንደሚሠራ በደንብ ሳይታወቅ ነው ሰው ላይ የተደረሰው። እኔ ስላይድ ላይ የጻፍኳት ቃል ያን ያህል ትመዝናለች ብዬ ነው የማምነው።

ሳምንት 10

ኪት ገዛን፣ 6,000 ክሮና ገደማ። አጭር ፔፕታይድ ነው፤ በአንድ ጫፉ የሚያበራ፣ በሌላው ጫፉ ብርሃኑን የሚያፍን ነገር አለው። ኢንዛይሙ መሃሉን ሲቆርጠው ሁለቱ ይለያዩና ይበራል። ኤስዲኤስ የለበትም፣ ቁልፉን ማንም አይከፍትም። ጉድለቱ የትኛው ኤምኤምፒ እንደቆረጠው አለመናገሩ ነው። ለዚያ ጄሉ አለኝ፣ ሁለቱ አብረው ይነበባሉ።

የዩ-87 ፈሳሽ ከባዶው ሚዲየም እምብዛም አልተለየም። የዩ-251ም እንዲሁ። ከዚያ ለግማሹ ሳምፕል ኤፒኤምኤ ጨመርኩ። ይሄ የተቆለፈውን ኢንዛይም በኬሚካል የሚከፍት የሜርኩሪ ውህድ ነው፤ ትራፊው በተለየ ጠርሙስ ነው የሚጣለው፣ ፈጽሞ ወደ ማስወገጃው ቧንቧ አይገባም። 37 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት። ብርሃኑ ዘለለ።

ሴሎቹ ብዙ ኤምኤምፒ-2 ያወጣሉ፣ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ግን አብዛኛው የተቆለፈ ነው። ታዲያ የት ነው የሚከፈተው? ጃፓኖች በ1994 ኤምቲ1-ኤምኤምፒ የሚባል፣ በሴሉ ገጽ ላይ የተተከለ ኢንዛይም አገኙ። ኤምኤምፒ-2ን የሚከፍተው እሱ ነው። እንግዲህ ሥራው ያለው ሴሉ ከሚረግጠው ቦታ ላይ ነው። እኔ አሥር ሳምንት የሰበሰብኩት ፈሳሽ ከሴሉ የራቀው ነው።

ሳምንት 11

ስለዚህ ሴሉ ራሱ ጄላቲን ላይ ይቁም አልኩ። አረንጓዴ የሚያበራ ጄላቲን በቀጭኑ ክብ መስታወት ላይ ቀባሁ። እንዳይነሳ በ0.5 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ አጣበቅኩት፣ ደጋግሜ አጠብኩ። ሴሉ የረገጠበትን ቦታ ከቆረጠው እዚያ ላይ አረንጓዴው ይጠፋል፣ ጥቁር ነጥብ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ አራት መስታወቶች ተላጡ፤ ሳደርቅ ጠርዛቸውን በፒንሳ ነክቼ ነበር። አሁን በመርፌ ጫፍ ከታች ብቻ ነው የማነሳቸው።

እርግጥ አንጎል ውስጥ ጄላቲን የለም። የአንጎል ሙሌት በአብዛኛው ሃያሉሮናንና መሰሎቹ ናቸው፣ ኮላጅን 4 የሚገኘው የደም ሥሮችን በሸፈነው ስስ ንጣፍ ላይ ነው። ይሄን ጽሑፌ ውስጥ በግልጽ አሰፍረዋለሁ።

ሦስት ዓይነት መስታወት አዘጋጀሁ። አንዱ ዩ-87 ብቻ። አንዱ ዩ-87 ከጂኤም6001 ጋር፣ ይሄ ኤምኤምፒዎችን በጅምላ የሚያግድ ነው። አንዱ ሴል የሌለበት፣ ያው ሚዲየም ብቻ። ሴሎቹንም ከሴረም በደንብ አጥቤ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ የጥጃው ኢንዛይም እንደገና እንዲያታልለኝ አልፈልግም።

ሐሙስ ማታ፣ ከ20 ሰዓት በኋላ፣ ጨለማው ክፍል ገባሁ። ሴል የሌለበትን መጀመሪያ አየሁ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ወጥ አረንጓዴ። ከዚያ ዩ-87ን አደረግኩ። አንዱ ሴል እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። አረንጓዴውን መብራት ብቻ ስተው፣ ከሴሉ ሥር ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት። ከሴሉ ራቅ ያለው አረንጓዴ አልተነካም። ሌላ ሴል ፈለግኩ፣ ከሥሩ አሉ። መድኃኒቱ ያለበት መስታወት ላይ 40 ሴል ቆጠርኩ፣ ነጥብ ያለው ከሦስቱ ሥር ብቻ ነው።

ትላንት ደገምኩት፣ ተመሳሳይ ነው። ሦስተኛው ማክሰኞ ነው። አዲስ 12 መስታወት ቀብቼ በፎይል ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ በዚህኛው ዙር ዩ-251ም ይገባል።